የቤተሰብ ማእዘን፦ አልለቅ ያለ እድፍና ከጅቡቲ የሚመለሰው የቆዳ ጃኬት

የዚህን ገጽ ተከታታዮች ከሚያነጋግሩ የቤት ውስጥ ጉዳዮች መካከል የቆዳ ጃኬትን ያህል ደብዳቤ ያመጣብን የለም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ስለ ሕፃናት አመጋገብ ወይም ስለ በርበሬ አያያዝ የሚጽፍልን አንባቢ በወር ሁለት ቢገኝ ነው፤ ጅቡቲ ደርሶ ስለ ተመለሰ የቆዳ ጃኬት ግን ከነኮሌታው ቅባት፣ ከነኪሱ ቀለም፣ ከነብብቱ ነጭ ጨው ዝርዝሩ ተጽፎ የሚደርሰን ደብዳቤ በርካታ ነው። ምክንያቱም ስውር አይደለም። በወታደር ቤት ውስጥ የቆዳ ጃኬት እንደ ማንኛውም ልብስ አይታይም። መለዮው የመንግሥት ንብረት ነው። ጃኬቱ ግን ባለቤቱ ከደመወዙ ላይ ቆጥቦ የገዛው፣ ለፈቃድ ወደ ቤቱ ሲገባ ለብሶት የሚታየው፣ ለሠርግና ለክርስትና የሚወጣው፣ በመጨረሻም ለታናሽ ወንድሙ ወይም ለልጁ የሚተላለፍ የግል ሀብቱ ነው። እንዲህ ባለው ልብስ ላይ ያረፈ እድፍ በጨርቅ ላይ ካረፈው ይልቅ የሚያስቆጨው፣ አንዳንድ ጊዜም ባልና ሚስትን የሚያኳርፈው ስለዚህ ነው።

አንባቢ፣ «ለመሆኑ በዚያ ሐሩር አገር የቆዳ ጃኬት ምን ይሠራል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኛም ለሥራ ጉዳይ በጅቡቲ ከተማ በሰነበትንባቸው ሳምንታት ይኸንኑ ጥያቄ ደጋግመን አንሥተናል። መልሱን ያገኘነው ከሾፌሮች ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው ጉዞውን የሚጀምረው ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ በሌሊት ብርድ ነው፤ አዋሽንና ሚሌን አልፎ፣ በጋላፊ ኬላ በኩል ወርዶ፣ ፔካ 12 ከሚባለው የከባድ መኪናዎች ሠፈር ሲደርስ ግን ባሕሩ አፍንጫው ሥር ነው። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት በጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ተሳፍሮ ነጋድ ጣቢያ የሚወርደውም መንገደኛ ዕጣው ያው ነው። ጃኬቱ ከላይ ሲነሣ ግዴታ ነበር፤ ከታች ሲደርስ ሸክም ሆነ። ስለዚህ ከመቀመጫው ጀርባ ይወረወራል፣ ወይም ከበር ጀርባ በተመታ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፣ ወይም ደግሞ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሻንጣ ግርጌ ይገባል። እድፉ ሥር የሚሰደው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው። ሌላም መንገድ አለ፤ ከሳልባጅ ክምር ተመርጦ፣ በዘመድ እጅ የሚላከው ጃኬት የማናውቀውን ሰው እድፍ ከነታሪኩ ይዞ ይመጣል።

እዚህ ላይ ጥቂት ከመንገዳችን ወጣ ብንል አንባቢ ይታገሠን። የአገራችን የደጋ በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ሳለ ጠንካራ በመሆኑ ለእጅ ጓንት መሥሪያ በዓለም ገበያ የተመሰገነ ነው፤ ስሙን ከወሎ የባቲ ገበያ የወሰደው የፍየል ቆዳም እንዲሁ። ይህ ቆዳ በሞጆ፣ በቆቃ አካባቢና በሌሎችም ፋብሪካዎች ይለፋል፤ በ1990 ዓ.ም. ከተነሣው ጦርነት ወዲህ የአገራችን የወጪና የገቢ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ስለሚያልፍም ወደ ውጭ የሚላከው በዚያው በር ነው። ስለሆነም ዛሬ ጅቡቲ ላይ ከሳልባጅ ክምር መካከል የሚነሣ ጃኬት፣ ባቲ ላይ ከተሸጠች ፍየል ቆዳ ተሠርቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ተሰፍቶ፣ ተለብሶ፣ በወጣበት በር የተመለሰ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጥ ባይቻልም ስናስበው ደስ ይለናል።

ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመለስ። አንዲት የሠራዊቱ አባል ባለቤት የሆኑ እህታችን የጻፉልን ደብዳቤ የብዙዎቹን ጭንቀት ጠቅልሎ የያዘ ሆኖ አግኝተነዋል። ባለቤታቸው ከጅቡቲ በሌሊት ደርሰው ይተኛሉ። ጃኬታቸው ኮሌታው በቅባት ጠቁሮ፣ ብብቱ በላብ ነጭ ካርታ ሥሎ ወንበር ላይ ተጥሏል። የጥምቀት ዋዜማ ነበርና እህታችን ባለቤታቸውን ለማስደሰት አስበው ጃኬቱን በሙቅ ውኃና በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፈው፣ አሽተው፣ ከሽቦ ላይ ፀሐይ ላይ ሰጡት። ማምሻውን እጅጌው የልጅ እጅጌ አክሎ፣ ጀርባው እንደ ደረቀ ቁርበት ተንቋቋ። ባልየው ሦስት ቀን ሙሉ አልተነፈሱም። ጸሐፊዋ ሁለት ነገር ይጠይቁናል፤ ጃኬቱ ይድናል ወይ? ጥፋቱስ የማን ነው?

ከሁለተኛው እንጀምር፤ ቀላሉ እርሱ ነውና። ጥፋቱ የወንድማችን ነው። ማንም ወታደር ለአዲስ ምልምል መሣሪያ ሲያስረክብ አፈታቱንና አገጣጠሙን ሳያስረዳ አያስረክብም። ቆዳ በውኃ እንደማይዘፈዘፍ የሚያውቅ ሰው ጃኬቱን ከሚታጠብ ልብስ ጋር ጥሎ መተኛት አልነበረበትም፤ ካላወቀም እርሱ ያላወቀውን እርሳቸው አላወቁም ብሎ ማኩረፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። እንዲያውም በበዓል ዋዜማ፣ ከሥራ ሁሉ መካከል፣ ጎንበስ ብሎ ያን ከባድ ልብስ ማሸት ምን ያህል ድካም እንደሆነ ያላሸተ አያውቀውም። ወንድማችን ይህን ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለባቸው እኛ ልንነግራቸው አይገባም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመጣ፣ ጃኬቱ በከፊል ይድናል። በቀዝቃዛ ውኃ በራሰና በተጨመቀ ንጹሕ ጨርቅ ደጋግሞ አርጥቦ፣ ገና እርጥብ ሳለ ቀለም የሌለው የቆዳ ክሬም ቀብቶ፣ ባለቤቱ በሸሚዝ ላይ ለብሶት ክንዱን እየዘረጋና እያጠፈ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቢንቀሳቀስበት፣ ከዚያም በሰፊ መስቀያ ላይ በጥላ ቢደርቅ ድርቀቱ ይላላል። ሥራው ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ልኩ ግን እንደ ቀድሞው አይመለስም። ይህን መደበቅ አይጠቅምም።

ለምን እንዲያ ሆነ? ዛሬ በዓለም ላይ ለልብስ የሚሠራው ቆዳ አብዛኛው የሚለፋው በክሮም ጨው ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1884 አውግስጦስ ሹልትስ የተባለ ኬሚስት በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበትን ዘዴ መሠረት አድርጎ እየተሻሻለ የመጣ ነው። ቆዳው ከተለፋ በኋላ ግን በፋብሪካው ውስጥ ቅባት እንዲጠጣ ይደረጋል። ጃኬትን ጃኬት የሚያደርገው ይህ ቅባት ነው። የቆዳ ክሮች እርስ በርሳቸው እየተንሸራተቱ እንዲታጠፉ የሚያደርጋቸው እርሱ ነውና። ሙቅ ውኃና የዱቄት ሳሙና ቅባቱን ያወጣዋል፤ ፀሐይ ደግሞ ውኃውን በችኮላ ሲያወጣው ክሮቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። በተጨማሪም ቆዳ በባሕርዩ ወደ ሎሚ ወገን ያዘነብላል፤ የልብስ ሳሙና ግን የአመድ ወገን ነው። ሁለቱ አይስማሙም። በየገጠሩ ቆዳ የሚያለፉ፣ ሙያቸው ሊያስከብራቸው ሲገባ «ፋቂ» እየተባሉ ሲናቁ የኖሩ ወገኖቻችን፣ ቆዳ ቅባት ካልጠጣ እንደማይለሰልስ ከኬሚስቱ አስቀድመው ያውቁ ነበር።

እንግዲህ ማንኛውንም እድፍ ከመንካት አስቀድሞ የጃኬቱን ዓይነት ማወቅ ይገባል። ከኮሌታው ሥር፣ ሰው በማያየው ቦታ፣ አንዲት የውኃ ጠብታ ማሳረፍ በቂ ነው። ጠብታዋ እንደ ዶቃ ተንከባልላ ከቆመች ቆዳው በፋብሪካ የቀለም ልባስ የተደረገለት ነው፤ እድፉም ላይ ላዩን ስለሚቀመጥ ተስፋ አለ። ጠብታዋ ጠልቃ ቦታውን ካጠቆረችው ግን ቆዳው ክፍት ነው፤ እድፍም እንደ ውኃው ይጠልቃል። ፊቱ እንደ ከፋይ የሚዳሰሰው ቆዳ ከዚህም የባሰ ነው፤ እርሱን በውኃ መንካት ቀርቶ እርጥብ እጅም ባይነካው ይመረጣል። በምንም መድኃኒት ቢሆን መጀመሪያ በዚያው ስውር ቦታ ሞክሮ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ ቀለሙ አለመልቀቁን አይቶ ነው ወደ ፊት ለፊቱ መሄድ። አዳዲስ መኰንኖች ቅኝት ሳያደርጉ እንዳይንቀሳቀሱ የምንመክረው በሌላ ምክንያት ቢሆንም ነገሩ አንድ ነው።

የኮሌታና የእጅጌ ጥቁረት ከሰውነት ቅባትና ከአቧራ የሚመጣ ነው። ለዚህ የሚሻለው ለስላሳ የገላ ፈሳሽ ሳሙና ጥቂት ጠብታ በለብታ ውኃ ውስጥ መትቶ፣ ውኃውን ትቶ አረፋውን ብቻ በስፖንጅ ማንሣት ነው። አረፋው በቀላሉ ይዞራል እንጂ አይፈተግም። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ሳሙናውን ማንሣት፣ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፣ ከደረቀም በኋላ ክሬም መቀባት። በአንድ ጊዜ ካልለቀቀ በማግሥቱ መድገም ይሻላል። የዓመት ቅባት በአንድ ጧት ይውጣ ማለት ቀለሙንም አብሮ ማውጣት ነው።

በዶራሌ ወደብና በመኪና ሠፈሩ የሚገኘው የግሪስና የሞተር ዘይት ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ትኩስ ሳለ ከተደረሰበት ቁልፉ ውኃ አለማስነካት ነው። ላዩን በደነዘዘ ቢላዋ ጀርባ ወይም በካርቶን ጠርዝ ሳይጫኑ ማንሣት፤ ቀጥሎ የሕፃን ፓውደር ወይም እንደ ዱቄት የደቀቀ ነጭ ጠመኔ በእድፉ ላይ ክምር አድርጎ አፍስሶ ሌሊቱን ማሳደር። ዱቄቱ ዘይቱን እየጠጣ ይቢጫል፤ ጧት አራግፎ አዲስ ይደረጋል። ሦስት ሌሊት የቆየ ዱቄት በቤንዚን ከታሸ እጅ የበለጠ ሥራ ሲሠራ በዓይናችን አይተናል። ዘይቱ ወር ከቆየ ግን ክሮቹ ውስጥ ገብቷልና ጥላው ይቀራል፤ ቢደበዝዝ እንጂ አይጠፋም።

ቤንዚንን ካነሣን ዘንድ ዝም ብለን ማለፍ አይገባንም። ከሾፌሮችና ከመካኒኮች መካከል ጨርቅ በቤንዚን፣ በናፍጣ ወይም በላምባ ነክሮ ጃኬት መጥረግ እንደ ብልኀት የሚቆጠርበት ቦታ አለ። በእርግጥ እድፉ ወዲያው ይሄዳል። አብሮትም ፋብሪካው ያጠጣው ቅባትና የላይኛው ልባስ ይሄዳል፤ ጃኬቱ በሁለተኛው ወር መሰንጠቅ ይጀምራል። የከፋው ግን ይህ አይደለም። የቤንዚን ትነት ከአየር የከበደ በመሆኑ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለል ለወለል እየተሳበ፣ ከክፍሉ ማዶ ያለውን የላምባ ምድጃ ወይም የከሰል ፍም ፈልጎ ያገኘዋል። ወታደር የሚኖርባቸው ቤቶች አብዛኞቹ አንድ ክፍል ናቸው፤ ማብሰያውም፣ መኝታውም፣ የልጆች መጫወቻውም እዚያው ነው። አንድ ጃኬት ለዚህ የሚበቃ ዋጋ የለውም። ባሎች ይህን ከቤታቸው ውስጥ እንዳይሠሩ፣ ሚስቶችም ሲሠሩ ካዩ ያለ ይሉኝታ ጃኬቱን ነጥቀው ወደ ውጭ እንዲያወጡ አጥብቀን እንመክራለን። በረኪናም እንዲሁ ለቆዳ ጠላት ነው፤ እርሱ ግን ቢያንስ ቤት አያቃጥልም።

ቀጥሎ የላብና የባሕር ጨው። በብብትና በጀርባ ላይ የሚታየው ነጭ ክብ ከላብ የወጣ ጨው ነው፤ ወደብ ላይ ለሚውል ሰው የባሕሩ ነፋስም የድርሻውን ይጨምርበታል። ለዚህ አንድ እጅ ነጭ አቼቶ በሁለት እጅ ውኃ ቀላቅሎ፣ በጨርቅ ነካ ነካ እያደረጉ ከክቡ ጠርዝ ወደ መሐል መሥራት፣ ወዲያው በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ ማንሣት ነው። ስለ ውኃው ግን አንድ ማሳሰቢያ አለን። የጅቡቲ ከተማ የጉድጓድ ውኃ ጨዋማነት እንዳለው ነዋሪው ሁሉ ያውቀዋል። ምንም እንኳ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከአገራችን ሶማሌ ክልል የከርሰ ምድር ውኃ በቧንቧ እየሄደላት፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዶራሌ ላይ የባሕር ውኃ ማጣሪያ ተመርቆላት ችግሩ የቀለለ ቢሆን፣ ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ ከየት እንደ መጣ ለይቶ የሚነግር የለም። የጨው እድፍን በጨዋማ ውኃ ማጠብ ደግሞ ዕዳን በብድር እንደ መክፈል ነው። የሚያስፈልገው ውኃ ከአንድ ብርጭቆ አይበልጥምና የታሸገ ውኃ ይወሰድለት።

የሻጋታ ነገር በጅቡቲ የተለየ ጠባይ አለው። ብዙ ሰው ሻጋታ በኃይለኛው ሙቀት ወራት የሚመጣ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበትና ካምሲን የሚባለው ነፋስ በሚነፍስበት ወቅት፣ አየሩ ደረቅ ነው፤ ያኔ ቆዳ ይሰነጠቃል እንጂ አይሻግትም። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ ሰው «አሁንስ ተነፈስን» በሚልበት ለዘብተኛ ወቅት፣ አየሩ ከባሕሩ እርጥበት ይሸከማል፤ ከበር ጀርባ የተሰቀለው ጃኬትም ያኔ አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ያበቅላል። መድኃኒቱ መጀመሪያ ከቤት ማውጣት ነው፤ ሻጋታን ቤት ውስጥ ማራገፍ ወደ ሌላው ልብስና ወደ ልጆች ሳንባ መዝራት ነውና። አፍና አፍንጫን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር በለስላሳ ብሩሽ በደረቁ መጥረግ፤ ብሩሹን ወዲያው ማጠብ። ከዚያም ከፋርማሲ የሚገኝ አልኮልና ውኃ እኩል ለእኩል ቀላቅሎ፣ ጨርቁ እስኪንጠባጠብ ሳይሆን እስኪወዛ ብቻ ነክሮ፣ ፊቱንም ገበሩንም መጥረግ። የኪስ ውስጥ ስፌት አይረሳ፤ ሻጋታ የሚደበቀው እዚያ ነው። ለሁለት ቀን ነፋስ ከጠጣ በኋላ ክሬም ይቀባል። ሽታው ቶሎ ካልለቀቀ ተጨማሪ ሁለት ቀን መጠበቅ እንጂ ሽቶ መርጨት አያድነውም፤ የሻገተና ሽቶ የተረጨ ጃኬት ከሻገተው የባሰ ነው።

የእስክርቢቶ ቀለም የወታደርና የጸሐፊ ሁሉ የጋራ ዕጣ ነው። በሙቀት የፈሰሰ ቢክ ከኪስ ውስጥ እስከ ፊት ለፊት ያልፋል። ልባስ ባለው ቆዳ ላይ በጥጥ ጫፍ አልኮል ነክሮ፣ ነጥቡን ብቻ ነካ አድርጎ ማንሣት፣ ጥጡን በየጊዜው መለወጥ፤ አልኮል ልባሱንም ስለሚያሟሟው ከሦስት አራት ንክኪ በላይ አለመሄድ። ክፍት በሆነ ቆዳ ላይ ግን መተው ይበጃል፤ የተነካ ቀለም ተሰራጭቶ ከአንዲት መስመር አንድ መዳፍ ያክላል።

ሻይ፣ ቡና፣ ጫት ብዙ ሐተታ አይሹም። ቀድሞ የምኒልክ አደባባይ ይባል በነበረው፣ ዛሬ የ27 ጁን 1977 አደባባይ በተባለው ስፍራ ዙሪያ ሻይ ሲጠጣ የፈሰሰበት ሰው ስኳሩ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ካነሣው ይድናል፤ አድሮ ከሆነ ጥላው አብሮት ይኖራል። ከአገራችን በየዕለቱ የሚገባው የጫት ጭማቂ አረንጓዴ ቀለም ያለው ሲሆን ክፍት ቆዳ ላይ ካደረ ጨርሶ አይለቅም። ደም በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ነው፤ ሙቅ ውኃ ያጸናዋል። ከፋይ መሳይ በሆነው ቆዳ ላይ ላለ ደረቅ እድፍ ደግሞ ንጹሕ ነጭ ላጲስ፣ ከቢሮ የሚገኘው፣ ከማናቸውም መድኃኒት የተሻለ ነው።

አንድ የተለየ እድፍ አለ፤ ዓርማ ወይም መርፌ ቁልፍ ከተሰካበት ቦታ፣ ወይም ከዛገ ዚፕ ዳር የሚወጣው ሰማያዊ ጥቁር ምልክት። ይህ ቆሻሻ አይደለም። በእንጨት ቅርፊት የተለፋ ቆዳ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ነው፤ የጥንት ሰዎች የጽሕፈት ቀለም ያወጡበት የነበረው ያው ውሕደት ነው። ሎሚ በውኃ አቅጥኖ ነካ ነካ ማድረግና ወዲያው በንጹሕ ውኃ ማንሣት አንዳንድ ጊዜ ያደበዝዘዋል። ይበልጥ የሚረዳው ግን ዚፑን በሻማ ማሸትና ዓርማውን ከጃኬት ላይ ነቅሎ ማስቀመጥ ነው።

በሠራዊቱ ዘንድ የተለመደ አንድ ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ግዴታችንን አልተወጣንም። እድፍ ያልለቀቀለት ወታደር ኪዊ ያነሣል። ኪዊ እ.ኤ.አ. በ1906 በአውስትራሊያ ሥራ ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ የወታደርን ጫማ ሲያሳምር የኖረ ቀለም ነው፤ ጫማ ግን ሸሚዝ አይነካም። ኪዊ የተቀባ ኮሌታ በላብ ሲርስ ቀለሙ ወደ ሸሚዙ፣ ወደ አንገት፣ ከአንገትም ወደ ነጠላ ይተላለፋል፤ ልብስ አጣቢዋ ማን እንደሆነች ደግሞ ይታወቃል። እንዲሁም እናቶቻችን ለማለስለስ ብለው የሚቀቡት ቅቤ ለጠፍርና ለጭነት ማሰሪያ ይሆን ይሆናል፤ ለጃኬት ግን ይከረፋል፣ አቧራ ይስባል፣ በጅቡቲ እርጥበት ደግሞ ለሻጋታ ማዕድ ይሆናል።

ስለ አቀማመጥ ጥቂት እንበል። ላስቲክ አይሆንም፤ እርጥበቱን ይዞ ያሻግታል። ሽቦ መስቀያ ትከሻውን ያጎብጣል። ሰፊ የእንጨት መስቀያ፣ ከላዩም አሮጌ የትራስ ልብስ ወይም ነጠላ ይበቃዋል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት እርጥበት የሚጠጡ ትንንሽ ከረጢቶች አይጣሉ፤ ሁለቱን ኪስ ውስጥ ማስገባት ነው። ትከሻውን ለመሙላት ነጭ ወረቀት ይጠቀሙ፤ ጋዜጣ ቀለሙ ይለቃል፤ የእኛም ሳምንታዊ ከዚህ ነጻ አይደለም። የተዘጋ የመኪና ጋቢና ውስጥ ጃኬት ጥሎ መዋል ደግሞ ምድጃ ላይ እንደ ማዋል ነው።

በመጨረሻ ያስቀመጥነውን ደብዳቤ እናንሣ። ለሳምንታት በጠረጴዛችን ላይ የቆየው መልሱን ሳናመዛዝን ልንጽፍ ስላልፈለግን ነው። ጸሐፊዋ የሠራዊቱ አባል ባለቤት ሲሆኑ የወታደርም ልጅ ናቸው። አባታቸው በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. በሺህ ከሚቆጠሩ ወታደሮችና ቤተሰቦች ጋር ድንበር ተሻግረው ጅቡቲ ከገቡት አንዱ ነበሩ። እዚያው ወደብ ላይ በቀን ሠራተኛነት ሲሠሩ ቆይተው በሕመም አረፉ። ከዓመታት በኋላ አንድ መንገደኛ ጃኬታቸውን ለቤተሰቡ አደረሰ። በቀኝ እጅጌው ጫፍ ላይ የአውራ ጣት አሻራ የሚመስል ጥቁር የግሪስ ምልክት አለበት። እናታቸው በዚያ ልብስ ላይ ውኃ እንዲያርፍ አንድም ቀን ፈቅደው አያውቁም፤ በላስቲክ ጠቅልለው በሣጥን አኖሩት። ዘንድሮ ሣጥኑ ሲከፈት ጀርባውና ትከሻው ሻጋታ ለብሶ ተገኘ። የጸሐፊዋ ባለቤት፣ «ሁሉንም አጽድተን አዲስ እናስመስልላቸው» ይላሉ። ጸሐፊዋ ግን ፈርተዋል፤ ካልጸዳ ሊበሰብስ ነው፣ ከጸዳ ደግሞ እናታቸው የሚያውቁት ጃኬት ላይሆን ነው።

የወንድማችን አሳብ ከቅንነት የመነጨ መሆኑን አንጠራጠርም። ቢሆንም በዚህ አንስማማም። እዚህ ገጽ ላይ እስካሁን የዘረዘርነው ሁሉ እድፍን ስለ ማንሣት ነው፤ በእጅጌው ላይ ያለው ግን ለእናትዎ እድፍ አይደለምና እንዲነሣ አንመክርም። ሻጋታው ግን መሄድ አለበት፤ ከቆየ እጅጌውንም ይደርስበታል። ሁለቱም ይቻላል።

እህታችን እንዲህ ያድርጉ። ቀኑ ደረቅና ነፋስ ያለበት ይሁን። ጃኬቱን ወደ ደጅ አውጥተው በጥላ ሥር በንጹሕ አንሶላ ላይ ያጋድሙት። የቀኝ እጅጌውን ጫፍ በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ጠቅልለው በክር ያላላ አድርገው ይሰሩት። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን፤ ከትከሻ ጀምረው ወደ ታች ይጥረጉ፤ ሁልጊዜ ከእጅጌው እየራቁ እንጂ ወደ እጅጌው እየሄዱ አይሁን። የአልኮሉን ውኃ ከኮሌታው ሥር አስቀድመው ይሞክሩት፤ የዚህን ያህል ዘመን ያስቆጠረ ቆዳ ልባሱ ሊላጥ ይችላልና ከተላጠ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ይወሰኑ። ካልተላጠ ይቀጥሉ፤ ነገር ግን ጥቁሩ ምልክት ከመድረሱ አራት ጣት ቀደም ብለው ያቁሙ፤ አልኮል ግሪሱን ያሰራጨዋል። ክሬሙንም በዚያ ክንድ ላይ ከክርኑ በታች አያስነኩት፤ ቅባት ቅባትን ስቦ ምልክቱን ያደበዝዘዋል። የእጅጌውን ጨርቅ ፈትተው እዚያ ላይ ሻጋታ ካለ በደረቅ ጥጥ ብቻ፣ እፍ እያሉ ያንሡት። ላስቲኩን ይጣሉት። ጃኬቱ በትራስ ልብስ ሆኖ ወደ ሣጥኑ ይመለስ፤ በየሦስት ወሩ አንድ ቀን ነፋስ ይጠጣ።

ሥራው በሚከናወንበት ጊዜ እናትዎ አጠገብዎ ተቀምጠው የታሰረውን እጅጌ በእጃቸው ቢይዙልዎ ይሻላል፤ ጃኬቱም ሳይንሸራተት ይቆይልዎታል።